በሆመቾ ቤት እንዴት ይሞቃል? እንዴትስ ይቀዘቅዛል?

አንባቢ ሆይ! ትምህርትህን ጨርሰህ፤ ወይም ከመሥሪያ ቤትህ የምደባ ደብዳቤ ተቀብለህ ወደ ሀዲያ ምድር የምትጓዝ እንደ ሆነ፤ ሰዎች አስቀድመው የሚነግሩህ ስለ ቆጮውና ስለ አተካናው፤ ስለ ያሆዴ በዓልና ስለ ሕዝቡ እንግዳ ተቀባይነት ነው። የሚሉህም ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ሌሊቱን የምታሳልፈው ከአንድ ጣሪያ ሥር ነውና፤ ስለ ጣሪያው የሚነግርህም ሰው ያስፈልግሃል። እኛም ዛሬ ወደ ሆመቾ ይዘንህ ሄደን፤ በዚያ አገር ቤት የሚሞቅበትንና የሚቀዘቅዝበትን፤ ሲያረጅም የሚጠገንበትንና የሚለወጥበትን መንገድ ልናሳይህ አስበናል። ነገሩ ተራ መስሎ ይታይህ ይሆናል። ይሁን እንጂ ሰው በዚሁ በተራው ነገር ሕይወቱን የሚያጣበት ጊዜ አለ፤ እርሱንም በቦታው ስንደርስ እንነግርሃለን።

ከአዲስ አበባ ተነሥተህ በቡታጅራና በወራቤ በኩል 230 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዝ ሆሳዕና ትገባለህ። የአገሩ ሰው ዛሬም በቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ይላታል፤ ዩኒቨርሲቲዋም የተጠራው በዚሁ ስም ነው። ሆስፒታሏ ደግሞ በንግሥት እሌኒ ስም ይጠራል። እሌኒ ከሀዲያ ገዢዎች ቤት ተወልዳ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት የሆነችው፤ በብልኅነቷም በታሪክ የታወቀችው ሴት መሆኗን ከትምህርት ቤት ታስታውስ ይሆናል። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ደጋማ ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን መኪና ይዘህ ስትወጣ፤ የእንሰት አጥር ለእንሰት አጥር እየተቀባበለ ይሸኝህና የጊቤ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ሆመቾ ያደርስሃል።

ወረዳው ስሙን ያገኘው ከወንዙ ነው። ከኋላህ ደጋው፤ ከፊትህ ደግሞ ወደ ታላቁ ሸለቆ የሚወርደው ቆላ ይታይሃል። እዚህ ላይ ከመልክዐ ምድር ትምህርትህ አንድ ቁጥር አስታውስ፤ 1,000 ሜትር ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። በደጋው ጫፍና በሸለቆው ወለል መካከል ያለው የከፍታ ልዩነትም ትልቅ ነው። እንግዲህ ከደጋው ቆጮና ቅቤ ይዛ የወረደችው ሴት፤ ከቆላው በቆሎ ጭኖ ከወጣው ሰው ጋር በአንድ ገበያ ስትገናኝ፤ እርሷ ሙቀቱ፤ እርሱ ብርዱ ይሰማቸዋል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ልዩነቱ በቦታ ብቻ አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፤ በየካቲትና በመጋቢት ደግሞ ቀትሩ ራስ ያዞራል። ስለዚህ በዚህ አገር የሚሠራ ቤት ሁለት ሥራ አለበት፤ ሌሊት ማሞቅ፤ ቀን ማቀዝቀዝ።

ይህን ሁለት ሥራ ያለ ሞተርና ያለ ኤሌክትሪክ ይሠራ የነበረው ክቡ የሣር ቤት ነው። በሀዲይሳ ቤትን «ሚኔ»፤ እሳትን «ጊራ» ይሉታል፤ በከምባታም ቃሉ የዚሁ ዘመድ ነው። እስቲ አንዱን የሣር ቤት ዙረህ ተመልከተው። ግድግዳው አጭር፤ ጣሪያው ግን ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። ክዳኑ ከግድግዳው አልፎ ወደ ታች ስለሚወርድ ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ይህን ያየ እንግዳ ሠሪው እንጨት ያነሰው ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የወረደው ክዳን ግድግዳውን ከፀሐይ ይጋርደዋል፤ ጭቃውንም ከዝናብ ያድነዋል። ቀጥ ማለቱም ውሃው በሣሩ መካከል ሳይሰርግ ቶሎ እንዲንሸራተት ነው።

የሣሩን ምሥጢር ለማወቅ አንድ እፍኝ ሰንበሌጥ ወስደህ ስበረው። ውስጡ ክፍት ነው። በሺህ የሚቆጠር ይህን የመሰለ አገዳ ተደራርቦ ሲታሰር፤ በመካከሉ የማይንቀሳቀስ አየር ይታሰራል። የማይንቀሳቀስ አየር ሙቀትን በቀላሉ አያሳልፍም። የበግ ሱፍ፤ ጋቢና ብርድ ልብስ የሚያሞቁህ በዚሁ ምክንያት ነው፤ እነርሱ ራሳቸው ሙቀት ኖሯቸው ሳይሆን ያንተን ሙቀት እንዳይሄድ ስለሚይዙት ነው። ሣር ክዳንም ለቤቱ እንደ ጋቢ ነው። ነገር ግን ከጋቢ የሚለየው ቀን ሲሆን ተገላብጦ ይሠራል፤ የውጭውን ሐሩር ወደ ውስጥ አያስገባም። በቀትር ከጠራራው ፀሐይ ወደ ሣር ቤት የገባ ሰው እፎይ የሚለው ለዚህ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ምድጃው አለ። እሳቱ ከመካከል አካባቢ በሦስት ጉልቻ ይነዳል፤ ሲመሽም ፍሙ በአመድ ተዳፍኖ ያድራል። ከዚያም ከብቶቹ አሉ። በቆየው የሀዲያና የከምባታ አሠራር ቤቱ ለሁለት ይከፈላል፤ በአንዱ ወገን ሰው፤ በሌላው ወገን ከብት ያድራል። የከተማ ልጅ ይህን ሲሰማ አፍንጫውን ይይዛል። እኛ ግን ሒሳቡን እንድታየው እንወዳለን። ያረፈ ሰው ከገላው 100 ዋት ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ ላም ደግሞ የዚያን ብዙ እጥፍ ትሰጣለች። አራት ላም ያሰረ አባወራ ማገዶ የማይፈጅ ምድጃ ከጎኑ አስተኝቷል ማለት ነው። በሀዲያ ባህል ከብቱ መቶ የሞላለት ሰው ልዩ ክብር ነበረው፤ መቶውን ሁሉ ቤት አስገብቶ ያሳድር ነበር ለማለት ግን አይደለም።

ከቤቱ ጀርባ ደግሞ እንሰቱ ቆሟል። ስለ እንሰት ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሣው ቆጮው ነው፤ ጥላው ይዘነጋል። ሰፊው ቅጠል በውሃ የተሞላ ስለሆነ ከአጠገቡ ያለውን አየር ያቀዘቅዘዋል፤ ነፋሱንም ይሰብረዋል። እንሰቱ በከብቱ እበት ያድጋል፤ ከብቱ ቤቱን ያሞቃል፤ ቤቱም ሁለቱን ይጠብቃል። በሀዲይሳ «ዌሳ» የሚሉት ይህ ተክል ከምግብነቱ ሌላ በደረቀ ጊዜ ማሰሪያና መጠቅለያ፤ መጎዝጎዣም ይሆናል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እንደ ማንኛውም መሣሪያ ጥገና ይሻል። የሣር ቤት ጥገና የሚጀምረው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ነው። ባለቤቱ ቀን ቤቱ ውስጥ ገብቶ በሩን ይዘጋና ወደ ላይ ይመለከታል፤ ብርሃን እንደ መርፌ ቀዳዳ የገባበት ሁሉ ነገ ውሃ የሚገባበት ነው። በዚያ ቦታ አዲስ ሣር ከአሮጌው ሥር እየሰገሰጉ መጥቀም ይበቃል። ሣሩ በጠቅላላው ሲበሰብስ ግን ሙሉው ክዳን ይነሣል፤ ጎረቤት በደቦ ይጠራል፤ አንዱ ሣር ያቀብላል፤ አንዱ ማገሩን ያጠብቃል፤ አንዱ ከላይ ሆኖ ይከድናል። እሳት ሳይነድበት የቆየ ቤት ቶሎ እንደሚፈርስ ገጠሬው ሁሉ ያውቀዋል። ጢሱ ሣሩን ያደርቀዋል፤ ጥቀርሻውም እንጨቱን ከነቀዝና ከምስጥ ያግዘዋል። ስለዚህ በሣር ቤት እሳት ማንደድ ራሱ የጥገናው ክፍል ነው።

የሣር ቤትን ስናመሰግን ግን ነውሩን አንሸፍንም። ያው ጢስ እንጨቱን ሲያድን የእናትን ዐይንና የሕፃንን ሳንባ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በማብሰያ እሳት ጢስና ይህን በመሰለ የቤት ውስጥ አየር ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዓለም ላይ ሞተዋል። ከከብት ጋር ማደርም የራሱ በሽታ አለው። እንዲሁም አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ሣሩን ከነካች ቤቱ፤ ልብሱና እህሉ በጥቂት ደቂቃ አመድ ይሆናሉ። «ወደ ቀድሞው እንመለስ» እያሉ የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ አብዛኞቹ ግን በቆርቆሮ ቤት ተቀምጠው ነው የሚጽፉት።

ደግሞስ ወደ ሣር እንመለስ ቢባል ሣሩ ከወዴት ይመጣል? የሀዲያና የከምባታ ምድር በአገራችን ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ትናንት ሰንበሌጥ ይታጨድበት የነበረው ሜዳ ዛሬ ታርሶ ስንዴ ሆኗል። የተረፈውንም ከብቱ ይፈልገዋል። ስለዚህ ክዳን የሚለውጥ ሰው እንደ አባቱ ወደ ሜዳ ሳይሆን ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ገበያ ከሄደ ዘንድም ሣር ከመግዛት ቆርቆሮ መግዛትን ይመርጣል።

የቆርቆሮ ታሪክ በወደብ የተጀመረ መሆኑን ስትሰማ ትገረም ይሆናል። ብረትን እንደ ማዕበል እያጠፉ ለጣሪያ እንዲሆን የማድረጉን ፈጠራ በ1829 እ.ኤ.አ. በስሙ ያስመዘገበው ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የሚባል የለንደን ወደብ መሐንዲስ ነበር። ስስ ብረት ሲታጠፍ ጠንክሮ ራሱን እንደሚችል ተረዳ። ብረቱ ዝገት እንዳይበላው በቀለጠ ዚንክ የመንከሩ ዘዴ ደግሞ በ1837 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ተመዘገበ። በእኛ አገር ቆርቆሮ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በአዲስ አበባ ሲታወቅ፤ ወደ ገጠሩ ግን የገባው ቀስ እያለ ነው። በሀዲያና በከምባታ ይህን ለውጥ ያፋጠነው አንዱ ትልቅ ነገር የደቡብ አፍሪካ ገንዘብ ነው። በተለይ በእኛ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ ብዙ ወጣቶች ከዚህ አካባቢ ተነሥተው ወደዚያ አገር ተጉዘዋል፤ በመንገድም የቀሩ አሉ። የደረሱት ላባቸውን ሲልኩ ቤተሰቡ መጀመሪያ ከሚሠራው አንዱ ቤት ነው። ስለዚህ በመንደሩ መካከል የሚያብረቀርቅ አዲስ ጣሪያ ስታይ፤ አንድ ልጅ በሩቅ አገር ሱቅ ውስጥ እየነገደ ያስከደነው ሊሆን እንደሚችል አስብ።

ቆርቆሮ በያመቱ ጥገና አይጠይቅም፤ በፍንጣሪ አይቃጠልም፤ የዝናቡንም ውሃ ንጹሕ አድርጎ ወደ በርሜል ያወርዳል። እነዚህ ትላልቅ ጥቅሞች ናቸው። ነገር ግን ሙቀትንና ብርድን በተመለከተ ከሣሩ ጋር አይወዳደርም። ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ፀሐይ ስትወጣ ወዲያው ይግላል፤ ሙቀቱንም ከታች ለተቀመጠው ሰው ያወርድበታል። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ ሙቀቱን ሁሉ ለጠራው ሰማይ ሰጥቶ፤ ከአየሩ ይበልጥ እስኪቀዘቅዝ ይደርሳል። ያን ጊዜ የተኙት ሰዎች ትንፋሽ በቆርቆሮው ላይ ውሃ ይሆንና ሌሊት ጠብ ጠብ ይላል። ተከራዩ «ጣሪያው ያፈሳል» ብሎ ይከሳል፤ አከራዩ ወጥቶ ቢያይ ቀዳዳ የለም፤ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ስለ ድምፁስ ምን እንላለን? በቆርቆሮ ትምህርት ቤት የተማርክ እንደ ሆነ፤ ዶፍ ሲመጣ መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ ዝናቡ እስኪያባራ ሲጠብቅ አይተሃል።

አሁን ከላይ ቃል ወደ ገባንልህ ነገር ደርሰናል። የሣር ቤት ሰው ሲበርደው እሳት ያነዳል፤ ጢሱም በሣሩ መካከል እየሰረገ ይወጣል። ይህንኑ ልማድ ይዞ ወደ ቆርቆሮ ቤት የገባ ሰው ግን አደጋ ላይ ነው። አዲስ የተመደበ መምህር ወይም የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ አንዲት ጠባብ የኪራይ ክፍል ይይዛል። በኅዳር ሌሊት ይበርደዋል። እንጨት እንዳያነድ ይጨሳል፤ ስለዚህ ከሰል በማንደጃ አቀጣጥሎ፤ ፍሙ ቀልቶ ጢሱ ሲጠፋ ጊዜ ወደ ክፍሉ ያስገባዋል፤ በሩንና መስኮቱን ዘግቶም ይተኛል። ጢስ የለምና ደኅና የሆነ ይመስለዋል።

የሚገድለው ግን ያ የማይታየው ነው። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። ከደማችን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ስለሆነ፤ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ አካሉ አየር ያጣል። መጀመሪያ ራሱን ያመዋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ የተኛ ከሆነ ግን ይህንንም ሳያውቅ በእንቅልፉ ይቀራል። በደጋማ ከተሞቻችን «ከሰል አፈናቸው» የሚባለው ወሬ በብርድ ወራት የሚሰማው ለዚህ ነው። እንግዲህ አደራ፤ ፍም ባለበት ክፍል በሩን ዘግተህ አትተኛ። ቡና ተፈልቶ ካለቀም ማንደጃው ወደ ውጭ ይውጣ። ከሰል አጠገብ ተቀምጦ ራሱን ያመመውን ሰው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጣው፤ ወደ ሐኪምም አድርሰው።

ታዲያ ብርዱን በምን እንከላከለው? ሌላው ዓለም ምን እንዳደረገ ለአፍታ እንይ። ሀብታሙ አገር በመሣሪያ ይጠቀማል። በ1902 እ.ኤ.አ. ዊሊስ ካሪየር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ዛሬ «ኤሲ» የምንለውን መሣሪያ የነደፈው ለሰው ምቾት ብሎ አልነበረም፤ በብሩክሊን አንድ ማተሚያ ቤት የበጋው እርጥበት ወረቀቱን እየለጠጠ ቀለሙን ስላበላሸበት ነው። በቀይ ባሕር ጠረፍ ያለችው ምጽዋ ግን ከዚያ በፊት ብዙ ዘመን በራሷ ብልኀት ኖራለች፤ ግድግዳዋ የባሕር ድንጋይ፤ መስኮቷ ነፋስ የሚያሳልፍ የእንጨት ፍርግርግ ነበረ፤ ሐሩሩ ሲብስም ሰው አልጋውን አውጥቶ ከደጅ ይተኛ ነበር። ዛሬም በባሕር ጠረፍ ከተሞች ኤሲ መትከልና መጠገን ትልቅ ሙያ ነው፤ ጨዋማው አየር ብረቱን ቶሎ ይበላዋልና ጠጋኙ ሥራ አይፈታም። የሆመቾ ሰው ጨዋማ አየር የለበትም፤ ለመሣሪያም የሚሆን ገንዘብ የለውም። ለእርሱ የሚበጀው ቆርቆሮው የወሰደበትን አየር መመለስ ነው።

የመጀመሪያው መመለሻ ኮርኒስ ነው። በቆርቆሮውና በሰው መካከል አንድ መጋረጃ ሲዘረጋ፤ በመካከሉ የሚቀረው አየር የሣሩን ሥራ በከፊል ይሠራል። ድሮ ኮርኒስ አቡጀዲ ነበረ፤ ዛሬ ገንዘብ ያለው ችፑድ ያሠራል፤ የሌለው የማዳበሪያ ጆንያ ሰፍቶ ይወጥራል። በጆንያ አትሳቅ፤ ባዶ ቆርቆሮ ሥር ከመተኛት እጅግ ይሻላል። አንዳንድ ብልኅ ሰው ደግሞ ከቆርቆሮው ሥር ሣር ይደለድላል፤ ዝናብ ስለማይነካው ቶሎ አይበሰብስም፤ ነገር ግን ከእሳትና ከአይጥ መጠበቅ አለበት። ሁለተኛው፤ ከጣሪያው ሥር በግድግዳው አናት ላይ ፊት ለፊት ሁለት ትናንሽ የነፋስ መውጫ መተው ነው። ትኩስ አየር ወደ ላይ ይወጣልና ቀን መንገድ ያገኛል፤ ሌሊቱም ላብ አይጠራቀምም። ግድግዳው ጭቃ ከሆነ ደግሞ አመስግን፤ ጭድ የገባበት ወፍራም ምርጊት የቀኑን ሙቀት ይዞ እስከ ማታ ያቆየዋል። ስንጥቁን በያመቱ መምረግ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ቤት ልትከራይ ስትሄድም እንግዲህ ቀለሙን አይተህ ብቻ አትዋዋል። ቀትር ላይ ግባና በሩን ዘግተህ ወደ ላይ ተመልከት፤ የሣር ቤት ባለቤት እንደሚያደርገው ማለት ነው። ብርሃን የገባበትን ቀዳዳ ቁጠር። ሚስማሩ በማዕበሉ ጀርባ ላይ ነው ወይስ በጎድጓዳው ውስጥ? በጎድጓዳው ከተመታ ውሃው የሚሄድበት መንገድ ላይ ነውና ማፍሰሱ አይቀርም፤ ጥሩ አናጢ ከጀርባው ላይ ጎማ አድርጎ ይመታዋል። አከራዩ አዲስ ቆርቆሮ ልግዛ ካለህ ደግሞ የጌጁን ቁጥር ንገረው። ብዙ ሰው ቁጥሩ ከፍ ሲል የሚሻል ይመስለዋል፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ ባለ 35ቱ ከባለ 28ቱ የሳሳ ነው። የዛገውን አንዱን ሉህ ለውጦ ሌላውን ማቆየት ይቻላልና ሁሉም ይነሣ ለሚል አናጢ ቶሎ አትሸነፍ።

በሆመቾ ዙሪያ ባሉት ግቢዎች ብዙ ጊዜ ሁለቱን ቤቶች አብረህ ታገኛቸዋለህ። የቆርቆሮው ቤት ከፊት ወደ መንገዱ፤ የሣሩ ቤት ደግሞ ከኋላ ወደ እንሰቱ ይቆማሉ። አንተ እንግዳ ነህና በመጀመሪያ የምትቀመጠው በቆርቆሮው ቤት፤ በሶፋው ላይ፤ በግድግዳው ከተሰቀሉት ፎቶግራፎች ሥር ነው። ደቡብ አፍሪካ ያለውን ልጅ ፎቶግራፍ ያሳዩሃል። ፀሐይዋ ጠልቃ ቆርቆሮው እየተሰነጠቀ በሚመስል ድምፅ መቀዝቀዝ ሲጀምር ግን፤ ሽማግሌው ነጠላቸውን አጣፍተው ይነሡና ወደ ጓሮ ይጠሩሃል። ጎንበስ ብለህ ግባ። ቡናው የሚፈላው እዚያ ነው።